መምህርም የትምህርት ቤት አማካሪም መሆን እፈልጋለሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ በመምህርነት፣ በኋላም በአማካሪነት ስሠራ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ እንጀምር።

የትምህርት ቤት አማካሪ ሥራው በትክክል ምንድነው?

ብዙ ሰው አማካሪ ሲባል ያጠፋ ልጅ የሚላክበት ቢሮ ይመስለዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚያ በር ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥን ነበር። ሥራውን ስገባበት ግን ቅጣት የአማካሪ ድርሻ እንዳልሆነ ገባኝ። አማካሪው ቀጪ ከሆነ ልጆቹ አይመጡለትም። ካልመጡለት ደግሞ ሥራ የለውም።

ሥራው ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ትምህርት ነው፦ ውጤቱ በድንገት የወረደ፣ ማጥናት እየፈለገ ያቃተው፣ ፈተና ሲቃረብ ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ። ሁለተኛው የትምህርትና የሥራ ምርጫ ነው። ሦስተኛው የግል ሕይወት ነው፦ የወላጆች መለያየት፣ ሐዘን፣ ከጓደኛ ጋር መጣላት፣ በእኩዮች መሰደብ፣ ብቸኝነት። አማካሪው አንዱን ልጅ ለብቻው ያነጋግራል፤ ሌሎቹን በቡድን ይሰበስባል፤ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ወላጅና መምህርን ያገናኛል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይልካል።

የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ እንዲኖር ይመክራል። በብዙ ቦታ እውነታው ከዚህ በእጅጉ የራቀ ነው። ስለዚህ ወደ ሙያው ለመግባት የምታስቡ ሁሉ በጣም ታስፈልጋላችሁ።

መምህርና አማካሪ ልዩነታቸው ምንድነው?

መምህር በየቀኑ ብዙ ልጆችን አንድ ላይ ያያል። ለውጥን ቀድሞ የሚያስተውለውም እሱ ነው። ሁልጊዜ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ወደ ኋላ ረድፍ ስትሸሽ፣ ንጹሕ የነበረው ደብተር ሲዝረከረክ፣ አማካሪው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ይህን ሊያይ አይችልም። አማካሪው በበኩሉ መምህሩ የሌለው ነገር አለው፦ ጊዜ፣ የሚዘጋ በር፣ እና ለዚህ ተብሎ የተሰጠ ሥልጠና።

ሁለቱ ካልተነጋገሩ ልጁ መሀል ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም ሙያ መመኘታችሁ የማይገርመኝ ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የቆየ አማካሪ ለመምህሩ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ሙያው እንዴት ተጀመረ?

በሥራ ምርጫ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1907 በአሜሪካ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ጄሲ ዴቪስ የተባለ ርዕሰ መምህር፣ የእንግሊዝኛ መምህራን በድርሰት ክፍለ ጊዜ ስለ ሙያና ስለ ባሕርይ እንዲያጽፉ አደረገ። በዓመቱ ፍራንክ ፓርሰንስ ቦስተን ውስጥ ለወጣቶች የሙያ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈተ። የፓርሰንስ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ራስህን እወቅ፣ ሥራዎቹን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናዝበህ ወስን። ከመቶ ዓመት በኋላም ልጆች ሙያ ሊመርጡ ሲመጡ የምጀምረው ከዚሁ ነው። የልጆች ስሜትና የግል ሕይወት የአማካሪ ሥራ አካል የሆነው ዘግየት ብሎ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዴቪስ አሠራር የተጀመረው ተራ ክፍል ውስጥ፣ በተራ መምህራን እጅ ነው።

ምን ልማር?

መስፈርቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ የምትኖሩበትን አገር ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጥቅሉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የማስተማሪያ ትምህርት አጥንቶ መምህር መሆንና ጥቂት ዓመት ካስተማሩ በኋላ በምክር አገልግሎት መሠልጠን ነው። ሌላው ከመጀመሪያው ሥነ ልቦና አጥንቶ ወደዚያው መሻገር ነው። በብዙ ቦታ ለአማካሪነት ሁለተኛ ዲግሪና በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድ ይጠየቃል።

ሁለቱንም ለምትፈልጉ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ረጅም ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ የቆያችሁበት ዓመት አይባክንም። የትም ብትማሩ ግን የተግባር ልምምዱን በቀላሉ አትዩት። እኔ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የተማርኩት ከተቆጣጣሪዬ ነው። አንድ ንግግሬን አዳምጣ «ልጁ ሦስት ጊዜ ስለ ወንድሙ አነሳ፣ አንተ ሦስቴም ስለ ውጤቱ ጠየቅህ» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ገና ተማሪ ነኝ። ከአሁኑ ምን ላድርግ?

ታናናሾቻችሁን አስጠኑ። አንድ ልጅ ክፍልፋይ ያልገባው ለምን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት የማስተማር ግማሹ ነው። ሒሳቡን ስለምታውቁ ብቻ ልታስረዱ እንደማትችሉ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ከዚያ መምህሮቻችሁን እዩ። ትንሽ ደብተር ያዙና ጻፉ፦ የትኛው መምህር ሲገባ ክፍሉ ይረጋጋል? ምን አድርጎ ነው? ተማሪ ሲሳሳት ምን ይላል? አንድ ጥሩ መለኪያ ልስጣችሁ። መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ቁጠሩ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ይህን ስታጠና መምህራን ባብዛኛው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ይህን ዛሬውኑ ጓደኛችሁን ስታስጠኑ መሞከር ትችላላችሁ። ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታያላችሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። ይሆንልኛል?

ይሆንላችኋል። ክፍል ፊት ቆሞ መናገር በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው፤ ከዚያ ድምፃችሁን ታገኛላችሁ። ዝምተኛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ተመልካች ነው፤ ዝም ያለውን ልጅ ቶሎ የሚለየው እሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ሌላው ሲናገር የማይሰማ ሰው።

ውጤቴ መካከለኛ ነው። ጎበዝ ያልሆነ ሰው እንዴት ያስተምራል?

የምታስተምሩትን ትምህርት በደንብ ማወቅ ግዴታ ነው። በዚህ አልደራደርም። ልጆችን የሚወድ ግን ትምህርቱን የማያውቅ መምህር ልጆቹን ይጎዳል። ቢሆንም ትናንት የከበዳችሁን ነገ ጠንቅቃችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። ታግሎ የተረዳ ሰው ደግሞ መንገዱ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ያስታውሳል። ያን ማስታወስ ለማስረዳት ትልቅ ሀብት ነው።

አንድ መምህር በእርግጥ የልጅን ሕይወት ይለውጣል?

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁለት ጥናቶች ይመጡብኛል። ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሐዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። ከነሱ መካከል በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በሕመም ውስጥ ያደጉ ብዙ ነበሩ። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አልፈው ግን አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ብቁና ለሰው የሚያስቡ ጎልማሶች ሆኑ። እነዚህን ልጆች ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ ከወላጅ ሌላ የሚያስብላቸው ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር። ከነዚያ ትልልቅ ሰዎች መካከል መምህራን ይገኙበታል።

ሁለተኛው ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ነው። መምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ በትምህርታቸው ይፈነጥቃሉ» ተባሉ። ስሞቹ ግን የተመረጡት በዕጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ ታችኛው ክፍል ያሉት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ለውጥ አሳዩ። የውጤቱ መጠን ምን ያህል ነው በሚለው ተመራማሪዎች እስከ አሁን ይከራከራሉ። እኔ ግን ከክፍል የማውቀውን አየሁበት። ይችላል ብለን ያመንነውን ልጅ ሞቅ አድርገን እናናግረዋለን፣ ከበድ ያለ ጥያቄ እንሰጠዋለን፣ ሲመልስም እንጠብቀዋለን። አይችልም ያልነውን ቶሎ እናልፈዋለን። ልጁም ይህን ያውቃል።

ሁሉንም ልጅ ትለውጣላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። ግን ለአንድ ልጅ ያ አንድ ትልቅ ሰው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ደጋፊ መምህር ማለት የማይቆጣ፣ ሁሉን የሚያልፍ ማለት ነው?

ይህ ብዙ አዲስ መምህራን የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ እንዲወዱኝ ፈልጌ ነበር። የቤት ሥራ ያልሠራውን አለፍኩ፣ ያረፈደውን አለፍኩ፣ የሚረብሸውን ፈገግ ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ወር ክፍሉ ከእጄ ወጣ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ጫጫታው ሳይሆን አንዲት ልጅ ከክፍል በኋላ መጥታ «እርስዎ ዝም ስለሚሉ እኔ መማር አልቻልኩም» ማለቷ ነው። ለረባሾቹ ደግ መስሎኝ እሷን በድያለሁ።

ልጅ ወሰን ይፈልጋል። በተለይ ቤቱ ውስጥ ነገሮች የተዘበራረቁበት ልጅ፣ ነገ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅበት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል። ደጋፊ መምህር ደንቡን ጥቂት ያደርገዋል፣ በግልጽ ይናገራል፣ ለሁሉም እኩል ያውለዋል። ሲቆጣም ድርጊቱን እንጂ ልጁን አይነካም። «ሰነፍ ነህ» እና «ይህን ሥራ ሳትጨርሰው ነው ያመጣኸው፤ እስከ ነገ ጨርሰው» የሚሉት ሁለቱ ቃላት በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለልጁ ስም ያወጣለታል። ሁለተኛው የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል።

ደግሞም ተግሣጽ በጓደኞች ፊት ባይሆን ይሻላል። ጠረጴዛው ዘንድ ጠጋ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ የተነገረ ቃል፣ ከሰሌዳው ሥር ከተወረወረ ጩኸት ይልቅ ይሰማል።

ሰዎች ጥሩ መካሪ ነሽ ይሉኛል። ይህ ለአማካሪነት ይበቃል?

መነሻ ይሆናል። ግን የመጀመሪያው የምትማሩት ነገር ምክር መስጠትን ማዘግየት ነው። ይህ ግር የሚል ይመስላል፤ የሙያው ስም ራሱ «አማካሪ» ነውና። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ «ትምህርት ማቆም እፈልጋለሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ትምህርት ጠቃሚ እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የነገረው ሰው ብዙ ነው። እሱ የሚፈልገው ለምን እንደደከመው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በምክር እንዲለወጥ ከአማካሪው የሚፈለጉ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል፦ የሌላውን ዓለም በእሱ ዓይን ለማየት መሞከር፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ እና ሳያስመስሉ እውነተኛ ሆኖ መቅረብ። ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ያደክማል። ልጁ የማትስማሙበትን ነገር አድርጎ ሲመጣ፣ ፊታችሁ ሳይለዋወጥ ማዳመጥ መቻል አለባችሁ።

ልምምዱን ከጓደኞቻችሁ ጋር ጀምሩ። ጓደኛችሁ ችግሩን ሲነግራችሁ «እኔም አንዴ…» ብላችሁ የራሳችሁን ታሪክ አትጀምሩ። «ለምን እንዲህ አታደርግም?» አትበሉ። የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሱለት፦ «እንደገባኝ ከሆነ ያናደደህ ውጤቱ ሳይሆን ሳይነግሩህ መወሰናቸው ነው፤ ትክክል ነኝ?» ከተሳሳታችሁ ያርማችኋል። ካገኛችሁት ደግሞ ትከሻው ሲወርድ ታያላችሁ። መፍትሔውን ብዙ ጊዜ ራሱ ይዞት ይመጣል። የጎደለው መረጃ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የማመልከቻ ቀን ወይም የሚያስፈልግ ነጥብ ከሆነ፣ በቀጥታ ንገሩት። እዚያ ላይ ማዳመጥ ብቻውን ልጁን ማጉላላት ነው።

ቤተሰቦቼ ሌላ ሙያ እንድመርጥ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?

አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት አይደለም። ስለ ገቢያችሁና ስለ ኑሯችሁ ሰግተው ነው። ስለዚህ «ሕልሜ ነው» ማለት ብቻውን አያሳምናቸውም። ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል ዓመት እንደሚወስድ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ከመምህርነት ወደ የት ማደግ እንደሚቻል ራሳችሁ አጣርታችሁ ቅረቡ። የደመወዙን ጉዳይ አትሸሹት። መምህርነት በብዙ ቦታ የድካሙን ያህል አይከፈልበትም፤ ይህን እያወቃችሁ እንደመረጣችሁ ቢያዩ ይቀላቸዋል። ከተቻለ በሙያው ያለ ሰው ከነሱ ጋር እንዲያወራ አድርጉ።

የማመልከቻ ጽሑፍ ላይ «ለምን መምህር መሆን ትፈልጋለህ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

«ልጆችን ስለምወድ» ብሎ የማይጽፍ የለም። አንባቢው መቶ ጊዜ አንብቦታል። አንድ ያያችሁትን ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ ሰባተኛ ክፍል ሳላችሁ የተሳሳተ መልስ ሰጣችሁ፤ መምህሩ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እስከዚህ መስመር ድረስ ትክክል ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን ሆነ?» አለ። ያን ጊዜ ምን ተሰማችሁ? ከዚያ ወዲህ እናንተ ለሌላ ሰው እንዲህ ያደረጋችሁበት ቀን አለ? እሱን ጨምሩ። ሥራውን ገና ሳትጀምሩ ዓለምን እንደምትለውጡ አትጻፉ። የማታውቁትን ልትማሩ እንደመጣችሁ የሚያሳይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

እኔ ራሴ ከባድ ነገር አሳልፌያለሁ። ያ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

ሁለቱም ይሆናል። ጉልበተኛ ያስለቀሰው ልጅ ሲያድግ የተገፋውን ልጅ ከሩቅ ይለያል። ይህ ጸጋ ነው። አደጋው ልጁ ታሪኩን ሲነግራችሁ የእናንተን ታሪክ መስማት ስትጀምሩ ነው። «አውቀዋለሁ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ» ስትሉ የሱ ጉዳይ ይጠፋል። የእናንተን ያዳነው መንገድ ለእሱ ላይሠራም ይችላል።

አንድ ልጅ ከወጣ በኋላ ለሰዓታት የራሳችሁ ነገር ከተነሳባችሁ፣ ያ ነገር ገና አልተዘጋም ማለት ነው። ለራሳችሁ አማካሪ ፈልጉ። ለሌላው ቢሮ ከፍታችሁ ለራሳችሁ መሄድ ማፈር የለባችሁም። እኔ ሄጃለሁ፤ በሥራዬም ጠቅሞኛል።

ተማሪው «ለማንም እንዳትነግርብኝ» ቢለኝስ?

ቃል አትግቡ። ይህን የምለው ቃል ገብቼ ስላፈረስኩ ነው። አንዲት ተማሪ ማልልኝ አለችኝ፤ ማልኩላት። የነገረችኝ ነገር ዝም የሚባል አልነበረም። ለሚመለከተው ሰው ተናገርኩ፤ እሷም ዳነች። ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላናገረችኝም። መናገሬ ትክክል ነበር፤ ጥፋቴ መማሌ ነው።

ንግግሩ ሳይጀመር የሚባል ነገር አለ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል። ግን አንተ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም የሚጎዳህ ሰው ካለ፣ ሊረዳን ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ። ያን ከማድረጌ በፊትም ለአንተ እነግርሃለሁ።» ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሸሻሉ ብላችሁ አትስጉ። አብዛኞቹ ያወራሉ። ወሰኑን እያወቁ የሚናገሩት ደግሞ እንዲታወቅላቸው ስለሚፈልጉ ነው።

ምሥጢር የት ላይ እንደሚያበቃ ፍርድ ቤቶችም ተነጋግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ታካሚው ሌላን ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ያወቀ የሥነ ልቦና ሐኪም አደጋ ላይ ያለውን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። በብዙ አገሮችም መምህራንና አማካሪዎች በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳል። ሥራ ስትጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሕግ አንብቡ፤ ለማን እንደሚነገርም ጠይቁ። ችግሩ በራችሁ ላይ ሲቆም ለማንበብ ጊዜ የለም። ከአደጋ ውጪ ያለውን ግን ለማንም አታውሩ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጭምር። እዚያ የወጣ ወሬ ተመልሶ ልጁ ጆሮ ይገባል።

ተማሪ ወይም ጓደኛዬ መኖር እንደማይፈልግ ቢነግረኝ ምን አደርጋለሁ?

ቁም ነገር አድርጋችሁ ያዙት። «ቀልደህ ነው» ወይም «ይህን ሁሉ አግኝተህ?» አትበሉ። ረጋ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብዙ ሰው መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል ብሎ ይፈራል። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ባለሙያዎች የሚሉት ተቃራኒውን ነው። በግልጽ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ አይገፋም፤ እንዲያውም ለመናገር ዕድል ይሰጠዋል።

አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ወዲያውኑ ኃላፊነት ያለበት ትልቅ ሰው ጠርታችሁ አምጡ፦ አማካሪ፣ ወላጅ፣ ሐኪም። አደጋው ቅርብ ከመሰለ ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደ ድንገተኛ እርዳታ ነው የሚኬደው። ይህን ብቻውን የሚሸከም ባለሙያ የለም፤ እኔም ብቻዬን አልይዘውም። አሁን ተማሪ ሆናችሁ ጓደኛችሁ ከነገራችሁ ደግሞ ምሥጢር ብላችሁ አትያዙት። ቢቆጣባችሁም ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። ከዚያ በኋላም ጓደኛው ሁኑ፤ ከሆስፒታል ወይም ከቤት ሲመለስ እንደ ድሮው አብራችሁት ተቀመጡ።

እያስተማርኩ እዚያው አማካሪም መሆን እችላለሁ?

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራል። ይቻላል፤ ግን መሀል ላይ እሾህ አለ። ትናንት ስለ ቤተሰቡ ያለቀሰላችሁን ልጅ ዛሬ ፈተናውን ታርማላችሁ። ነጥብ ብትጨምሩለት ለሌሎቹ በደል ነው። ብትቀንሱበት እሱ «ስለነገርኳቸው ነው» ሊል ይችላል። በሙያው ሥነ ምግባር እንዲህ ያለው ድርብ ግንኙነት በተቻለ መጠን እንዲቀር ይመከራል።

ማስቀረት ካልተቻለ ሁለቱን ለዩ። የምታርሙለትን ልጅ ለረጅም ምክር ለሌላ ባልደረባ አስተላልፉ። ሌላ ሰው ከሌለ የፈተና ወረቀቱን ስሙን ሸፍናችሁ አርሙ። ለልጁም በግልጽ ንገሩት፦ «እዚህ የምናወራው ነጥብህን አይነካም፤ አይጨምርምም፣ አይቀንስምም።» መምህር ብቻ ሆናችሁ ብትቀሩም የአማካሪነቱን ልብ መያዝ ትችላላችሁ። ልጁን አስተውሎ፣ አዳምጦ፣ አብሮ እስከ አማካሪው በር መሄድ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የሰው ችግር ወደ ቤቴ ይዤ እንዳልገባ ምን ላድርግ?

ጥቂቱ ይገባል። ምንም የማይሰማው ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙው ሲገባ ግን አደጋ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 በእርዳታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ሲያጠና ስለዚህ ዓይነቱ መሟጠጥ ጽፏል። ክርስቲና ማስላክም በኋላ ሦስት ምልክቶችን ለይታለች፦ ስሜት መዛል፣ ለሰዎቹ መደንዘዝ፣ እና ምንም እንዳልሠሩ መሰማት። ከሦስቱ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። የሚያለቅስ ልጅ ፊት ተቀምጣችሁ ሰዓት ማየት ስትጀምሩ፣ ያ ስንፍና ሳይሆን የድካም ምልክት ነው።

እኔ የያዝኳቸው ልማዶች ትንንሽ ናቸው። በሁለት ልጆች መካከል አሥር ደቂቃ እተዋለሁ። ከመውጣቴ በፊት ማስታወሻዬን ጽፌ መሳቢያው ውስጥ እቆልፋለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ከሌላ አማካሪ ጋር ስም ሳልጠራ ከባድ ጉዳዮቼን እነጋገራለሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል።

የምችለውን ሁሉ አድርጌ ልጁ ባይለወጥስ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ልምምድ ላይ ያለ ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ጥፋተኝነት ይነበብ ነበር። ይህ ይገጥማችኋል። አንዳንዱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ መጥቶ ይቀራል። ከእናንተ ቢሮ ውጪ ቤተሰብ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ሕመም አለ። እነዚህን በአንድ ሰዓት ንግግር አትገፏቸውም። ልታደርጉ የምትችሉት ያደረጋችሁትን በሐቅ መመርመር ነው። የረሳሁት ሰው አለ? ቶሎ መላክ የነበረብኝን አዘገየሁ? ካለ ይታረማል። ከሌለ ደግሞ ለራሳችሁም ፍረዱ።

በሩን ግን አትዝጉ። መምጣት ያቆመ ልጅ ነበረኝ። አላሳደድኩትም። ኮሪደር ላይ ሳገኘው በስሙ ጠርቼ ሰላም እለዋለሁ፤ «ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አለሁ» አልኩት፤ በቃ። ስምንት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ የሚፈረም ወረቀት ይዞ ገባ። ፈረምኩለት። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።